ስክሪኑ ለጠፋ አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ጥገና፣ ያገለገለ ሞኒተር ወይስ አዲስ?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በየተራ ደውለው ያንኑ ጠየቁኝ። «ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ላስጠግን ወይስ ልግዛ?» የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ። መብራቱም ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

እኔ ያለ ማመንታት ያገለገለ ባለ 19 ኢንች ዴል ወይም ኤችፒ ግዙ እላለሁ። መጀመሪያ ግን የሞተው ሞኒተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ 3,200 ብር ከስሬያለሁ።

አምና ስክሪኔ ሲጠፋ አንድ ጥገና ቤት «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ይህን ካርድ ገዛሁ፤ ስክሪኑ ወይ ፍንክች! በኋላ አንድ የሰፈር ልጅ የሲፒዩውን ገመድ ከሶኬት ነቅሎ ራሙን (የማስታወሻ ካርዱን) አወጣ። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሽቶ መልሶ ሰካው። በራ። የላጲሱ ዋጋ 10 ብር ነበር።

ስለዚህ ራሙን ጥረጉ። ግራፊክስ ካርድ ካለው ኬብሉ የተሰካው ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ። ከዚያ ሞኒተሩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሞክሩት። ከራሳችሁ ሲፒዩ ጋር ሲሰካ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ሞኒተሩ በሕይወት አለ፤ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከሲፒዩው ነው። ጭልም ካለ ባትሪ አብሩበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። እሱን ማስጠገን አልመክርም።

ሞኒተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር) ተነፍቶ ከሆነ ግን ጥገና ያዋጣል። እኔ 600 ብር ከፈልኩ። በአራት ወሩ እንደገና ተነፋ፤ ሌላ 600። የተገጠመልኝ 85 ዲግሪ (የሚችለው ሙቀት) የሚል ርካሽ ነበር። ጎኑ ላይ 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ጠይቁ። ሞኒተሩን ራሳችሁ እንዳትከፍቱት አደራ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

አዲሱ? ለ22 ኢንች 14,500 ብር ተጠየቅኩ። መሰኪያው አዲሱ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ የኔ ሲፒዩ ደግሞ የድሮው ቪጂኤ ብቻ። በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ገመድ በ450 ብር ሸጡልኝ። አልሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። የቪጂኤ ሲግናል አናሎግ ነው፤ ወደ ዲጂታል የሚቀይር መሣሪያ መሃል ላይ ካልገባ ገመድ ብቻውን ምንም አያደርግም። ለአሮጌ ዴስክቶፕ ይህን ሁሉ ብር ማውጣት ያንገበግባል።

ያገለገለውን እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ አገኘሁት። ስትገዙ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ ተቀመጡ። ነጭ ገጽ ክፈቱና ቢጫ ጥላና ነጠብጣብ ፈልጉ። ቁልፎቹን ሁሉ ጫኑ። የድሮ ኬብላችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ፎርጅድ ፊደሉን ጥላ ያስይዘዋል።

ባለሱቁ ከ5,500 ጀምሮ 4,500 ላይ ቆመ፣ የኃይል ገመዱን ጨምሮ። የሞተውን ሞኒተሬን ለመለዋወጫ በ500 ወሰደልኝ። በ4,000 ብር ሥራዬን ቀጠልኩ።