ለበር ስፒከርና ለሰብዉፈር የትኛው አምፕሊፋየር ይሻላል? ባለ አራት ቻናል፣ ሞኖ ወይስ ባለ አምስት ቻናል

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለመኪናው አምፕሊፋየር (የድምፅ ኃይል ማጉያ) ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ገዢውን ያሳስታል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት «2,000 ዋት» የሚል ባለ አራት ቻናል፣ ማለትም አራት የስፒከር መውጫ ያለው፣ ገዝቼ ነበር፤ ሻጩ «አብሽር፣ ከዚህ በላይ አትፈልግም» አለኝ፤ ቤት ገብቼ ከጎኑ የተሰካውን ፊውዝ ነቅዬ ሳየው አንድ ባለ 30 አምፔር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሞተር በርቶ ዲናሞው ሲሞላ የመኪና መስመር 13.8 ቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ 30 በ13.8 ሲባዛ 414 ዋት ይመጣል፤ እሱም ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው እንጂ ከእሱ የሚወጣው ኃይል አይደለም። የተለመደው፣ ኤቢ ክላስ የሚባለው አሠራር ያለው አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ግማሹን ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ለስፒከሩ ስለሚያደርስና ቀሪው ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው ከ50 እስከ 60 ዋት ነው። ዕቃው ክፉ አልነበረም፤ ሐሰቱ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ፊውዙ ትክክለኛ መለኪያ ባይሆንም የተጋነነን ቁጥር ለማጋለጥ ይበቃልና፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ነቅሎ ማየትን ማንም ሻጭ ሊከለክል አይገባም።

ሁለት አምፕሊፋየሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማነጻጸር የሚረዳው «አርኤምኤስ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። አልፓይን፣ ኬንዉድና ፓዮነር በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ላይ «ሲኢኤ 2006» (በአዲሶቹ ላይ «ሲቲኤ 2006») የሚል ምልክት ያትማሉ። ምልክቱ ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከርና ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት መለካቱን ስለሚናገር፣ እሱ ያለባቸውን ዕቃዎች ቁጥር ለቁጥር ማወዳደር ይቻላል። ነገር ግን በ60 እና በ75 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለእሱ ሲባል ብዙ ብር መጨመር ተገቢ አይመስለኝም፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን እንኳ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው።

ከዋቱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት በመኪናው ውስጥ ምን እንደሚሰማ ነው። በእኛ አካባቢ መንገድ ላይ የሚሰማው በአብዛኛው የሰው ድምፅ የሚመራው ዜማ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ መንዙማ። የወንድ ድምፅ መነሻ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ገደማ ባለው ውስጥ ይገኛል፣ የሴት ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ሰብዉፈሩ፣ ማለትም ጉምታ የሚያወጣው ስፒከር፣ በተለምዶ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲወስድ ተደርጎ ይስተካከላል። ስለዚህ ዘፋኙም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም የሚሰሙት ከበር ስፒከሮቹ ሲሆን፣ ለሰብዉፈሩ የሚቀሩለት የከበሮው ጉምታና የቤዝ ጊታሩ የታችኛው ድምፅ ናቸው። ገንዘቡን ሁሉ ሰብዉፈሩ ላይ አውጥቶ የበር ስፒከሮቹን ከቴፑ በሚወጣው 15 ወይም 20 ዋት የሚተው ሰው መኪናውን ያናውጣል እንጂ አምባሰልን በወጉ አይሰማም። በዚህ ጉዳይ ሐሳቤ የጸና ነው፤ መጀመሪያ ለበሮቹ፣ ከዚያ ለሰብዉፈሩ።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያው አማራጭ አንድ ባለ አራት ቻናል ብቻ መግዛት ነው። ሁለት ቻናሎች የፊት በሮችን ይይዛሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ተጣምረው፣ ሠራተኞቹ «ብሪጅ» በሚሉት አያያዝ፣ ሰብዉፈሩን ያሠራሉ። በ2 ኦም ላይ 90 ዋት የሚሰጡ ሁለት ቻናሎች ሲጣመሩ ለአንድ ባለ 4 ኦም ሰብዉፈር 180 ዋት ገደማ ያደርሳሉ፤ ይህም ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ከበቂ በላይ ነው። ጥንቃቄው ያለው ሰብዉፈሩ ላይ ነው። ተጣምረው ሲሠሩ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የሰብዉፈሩን ኦም ግማሽ ስለሆነ፣ ከ4 ኦም በታች የሆነ ሰብዉፈር ብሪጅ ላይ ማሰር አምፕሊፋየሩን ያቃጥላል። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ሰብዉፈር የሚገዛ ሰው እያንዳንዱ ጥቅል 2 ኦም የሆነውን መርጦ ሁለቱን በተከታታይ ቢያስር 4 ኦም ያገኛል። ባለ 4 እና 4 የሆነው ግን ጎን ለጎን ሲታሰር 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲታሰር 8 ኦም ስለሚሆን፣ በመጀመሪያው አያያዝ ለብሪጅ አደገኛ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው አማራጭ ለበሮቹ ባለ አራት ቻናል፣ ለሰብዉፈሩ ደግሞ ለብቻው ዲ ክላስ የሚባለው አሠራር ያለው ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ነው። ዲ ክላስ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 80 በመቶ ያህሉን ስለሚጠቀምበት፣ ለሰብዉፈር 300 ዋት ለመስጠት 27 አምፔር ገደማ ሲበቃው፣ ኤቢ ክላስ ግን ለዚያው ሥራ 40 አምፔር ይጠይቃል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። አንድ የማውቀው የሚኒባስ ሹፌር ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ምሽት ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ከበሮው በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ በግድግዳው ላይ ሲደበዝዝና ሲፈካ አብረን አየን። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያጉረመርም ዲናሞው የሚያመነጨው አነስተኛ ነው፣ የኤቢው አምፕሊፋየር ፍላጎት ግን አይቀንስም። ሹፌሩ ባትሪ ሊቀይር ነበር፤ ሰብዉፈሩን ወደ ዲ ክላስ ሞኖ ሲያዛውር ግን መብራቱ ጸና፣ ባትሪውም ሳይቀየር ቀረ። በአንጻሩ ኤቢ ክላስ ሲበላሽ ትልልቅ ትራንዚስተሮቹን ነቅሎ በሌላ መተካት ለሬዲዮ ጠጋኝ ቀላል ነው፤ የዲ ክላስ ሰሌዳ ግን በጥቃቅን ዕቃዎች የተሞላ ስለሆነ ለጥገና ያስቸግራል።

ባለ አምስት ቻናሉ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሳጥን አጣምሮ የያዘ ነው። አንድ የባትሪ ገመድ፣ አንድ የመሬት ገመድ ይበቃዋል፣ ቦታም ይቆጥባል፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ሙሉ መኪናው ጸጥ ይላል። ለቤት መኪና እመርጠዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሚኒባስ ግን አልመርጠውም። ከወንበር ሥር የሚገባው፣ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ቀጭን ሰብዉፈር ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ማጣት ለማይፈልግ የቪትዝ ባለቤት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ጉምታው መጠነኛ ነው፣ ለበሮቹ የሚሆን አምፕሊፋየር ግን ለብቻው ያስፈልጋል።

የቦታ ነገር ከተነሳ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አምፕሊፋየሩን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው አየር ነው። ደሴ ላይ ቅዝቃዜው ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ወደ ቆቦ ወይም ወደ ከሚሴ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ራሱን ያሳውቃል፤ አምፕሊፋየሩን ምንጣፍ ሥር ሸፍኖ የሚያስገጥም ሰው ዕቃው በመንገዱ መካከል በራሱ ሲጠፋ ያየዋል።

ገመድን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ላስቲክ የለበሰውን ወፍራም ገመድ ጫፉን ልጦ አንዱን ክር በምላጭ መፋቅ ያስፈልጋል። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ ሆኖ ቢያብለጨልጭ ግን በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያው ውፍረት ይሞቃል፣ ቮልቱንም ይቀንሳል። ለሁለተኛው አማራጭ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ባለ 4 ጌጅ የሚባለውን መዳብ፣ ለመጀመሪያው ደግሞ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ባለ 8 ጌጅ እመክራለሁ። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ገመዱ ከአካሉ ጋር ተነካክቶ ቢጋጭ እሳቱን የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው። የመሬት ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ላይም ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ አለበት።

የጭነት መኪና ባለቤቶችን ለይቼ የማነሣው ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ስለሚሠራ ስሕተት ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩ ስለሆኑ፣ አንዳንድ ሠራተኛ ለአምፕሊፋየሩ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይቀዳል፤ ያ ባትሪ እየደከመ ሲሄድ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ በጥቂት ወራትም ሁለቱም ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መግዛት ነው፤ እሱም ለአምፕሊፋየሩ የሚያስፈልገውን አምፔር ሙሉ በሙሉ መቻል አለበት። ከመቀነሻው ዋጋ ጋር ሲደመር ለጭነት መኪና የሚያዋጣው የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ላለው ባለ አራት ቻናል 40 አምፔር የሚችል መቀነሻ ቢገዛለት ኮረብታ ሲወጣም ሲወርድም ድምፁ አይቆራረጥም።