ለዓሣ ገንዳችን ካኒስተር ፊልተር መርጦ ለገጠመልን ባለሙያ ምስጋና፣ ልትገዙ ላሰባችሁም ጥቆማ

ምስጋናችን አዲስ አበባ ውስጥ የቤት የዓሣ ገንዳ ለሚገጥምና ለሚጠግን አንድ ወንድማችን ነው። ካኒስተር ፊልተር ማለት ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ ውሃውን በጎማ ስቦ አጣርቶ የሚመልስ የታሸገ ማጣሪያ ነው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳናወጣ ስለጠየቀን አንጽፈውም። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እሱን አስፈቅደን እናገናኛለን። ሥራውን ግን በዝርዝር እንናገራለን። እሱን ማግኘት ባትችሉ እንኳ አመራረጡን ብትይዙ ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ።

አንደኛ ነገር፣ ካርቶን አንብቦ ዕቃ አያስገዛም። መጀመሪያ ሜትሩን ያወጣል። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ሊትሩ ይገኛል፤ 100 በ40 በ50 የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ነው። ጠጠሩ፣ ድንጋዩና ከአፉ በታች የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ 170 ሊትር ይወርዳል። ይህ ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ ማለፍ አለበት። በ5 ብናሰላው በሰዓት 850 ሊትር ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ስፖንጅም ሴራሚክም (ባክቴሪያ የሚያድግባቸው ቀዳዳ ያላቸው ቁርጥራጮች) ሳይገባበት፣ ፓምፑ ባዶውን እየሠራ የተለካ ነው። እነዚህ የሚቀመጡባቸው የማጣሪያው ቅርጫቶች ሲሞሉ፣ ውሃው ከወለል ተነሥቶ እስከ ገንዳው አፍ ሲወጣና ስፖንጁ ትንሽ ሲቆሽሽ ከ30 እስከ 50 በመቶው ይጠፋል። ስለዚህ 850 ሊትር የእውነት የሚያስፈልገው ሰው 1400 አካባቢ የተጻፈበትን ይፈልግ። ከቻይናዎቹ ሰንሰን 303፣ ከሌሎቹ ደግሞ ፍሉቫል 407 እዚያ ዙሪያ ናቸው።

ፍሰት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሆዱም፣ ማለትም የሚይዘው የማጣሪያ ዕቃ መጠን፣ ይታያል። የጀርመኑ ኤሃይም ክላሲክ 600 በሰዓት 1000 ሊትር ብቻ እያለ ለትልልቅ ገንዳ የሚመከረው 6 ሊትር ገደማ የማጣሪያ ዕቃ ስለሚይዝ ነው። ቆሻሻውን የሚያጣራው ስፖንጁ ነው፤ መርዙን የሚያጠፋው ግን በሴራሚኩ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አንደኛው ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ሕይወት አዲስ ማጣሪያ ውስጥ እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገንዳውን በዓሣ መሙላት ዓሣውን መግደል ነው። ፍሰቱ ኃይለኛ፣ ሆዱ ግን ጠባብ የሆነ ማጣሪያ ውሃውን ኩልል አድርጎ ያሳያችኋል፣ አሞኒያው ግን እዚያው ነው።

በጣም የምናከብረው ደግሞ አትግዙ ማለትን ስለሚያውቅ ነው። ከ60 ሊትር በታች የሆነ ገንዳ ውስጥ ጋፒ የሚባሉ ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች ላለው ሰው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር በቂ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጎልድፊሽ ላለው ግን ስሌቱን ከ5 ወደ 8 ከፍ ያደርገዋል፤ ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጥላል። ሲክሊድ የሚባሉትን ትልልቅ ዓሣዎች ለያዘም እንዲሁ።

ውጭ አገር ባሉ ዘመዶቻችሁ በኩል ዕቃ የምታስመጡ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው ማጣሪያ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። የእነዚህ ፓምፖች ማግኔት የሚሽከረከረው በኸርዙ ልክ ስለሆነ ፍጥነቱ በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ የፓምፑ የሽቦ ጥቅልም ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ከአውሮፓ፣ ከዱባይ ወይም ከእስራኤል የሚመጣው ግን ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ያለ ችግር ይሠራል። ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ከፓምፑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

የመብራት መጥፋት ነገር ሰፋ አድርገን የምንጽፈው ነው፤ ዓሣ ያረባ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይወቀው። ካኒስተር የታሸገ ዕቃ ነው። ፓምፑ ሲቆም በውስጡ ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም፣ ባክቴሪያው ግን መተንፈሱን ይቀጥላል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጠቃሚው ባክቴሪያ መሞት ይጀምራል፣ የተጠራቀመው ቆሻሻም ያለ አየር ይበሰብስና የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ያመጣል። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ያንን ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይተፋዋል። ማታ መብራት ጠፍቶ ጠዋት ዓሣው ተንሳፍፎ ሲገኝ ብዙ ሰው ቅዝቃዜው ነው የሚለው፣ አንዳንዴ ጥፋቱ እዚህ ነው።

የወንድማችን ሥርዓት ይህ ነው። መብራቱ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ቢጠፋ ምንም አትንኩ። ከዚያ ካለፈ ማጣሪያውን ከሶኬት ንቀሉ፣ የሁለቱንም ጎማ መዝጊያ ዝጉ፣ ክዳኑን ክፈቱና ቅርጫቶቹን በገንዳው ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካላችሁ የአየር ድንጋዩን (አየሩን በትንንሽ አረፋ የሚያወጣውን) እዚያው ሳፋ ውስጥ ክተቱት። ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ያደረ ከሆነ በውስጡ ያለውን ውሃ አንድም ጠብታ ሳይቀር ድፉት፣ ስፖንጁንና ሴራሚኩን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ብቻ አስነሡ። መብራቱ እንደተመለሰም ሄዳችሁ ስሙት፤ እየጮኸ ውሃ የማይወጣው ፓምፕ አየር ይዞታል ወይም ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ማግኔት) ተጣብቋል፣ እንዲያ ሆኖ ከቆየ ይቃጠላል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ለሚጠይቁትም ሒሳቡን ያሳያቸዋል። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብንጠቀም 20 ዋት ካኒስተር 2 ሰዓት ገደማ ያቆያል። በዚያው ባትሪ በቀጥታ የሚሠራ 3 ዋት የአየር ፓምፕ ግን ሌሊቱን ያድራል። ዓሣውን የሚያተርፈው ሁለተኛው ነው፤ ማጣሪያውን ኋላ ማጠብ ይቻላል።

ከፍታችንን አስቦ መግጠሙ ደግሞ ከሌሎች የሚለየው ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ያው ውሃ የሚይዘው 6.2 ገደማ ነው። ስለዚህ የመመለሻውን ቱቦ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀር አይተወውም። በቱቦው ጫፍ የሚገጠመውን ባለ ቀዳዳ ዱላ ከውሃው ወለል ጋር ያስተካክልና ወለሉ እንዲርገበገብ ያደርገዋል። ፀጥ ያለ ገንዳ ቢያምርም ለእኛ ከተማ አይሆንም።

ቅርጫቶቹን ሲሞላም በውሃው ጉዞ ነው። በአብዛኞቹ ካኒስተሮች ውሃው በጎን ይወርድና ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ሻካራው ስፖንጅ ከታች፣ ደቃቁ ስፖንጅ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሴራሚኩ፣ ነጩ ጥጥ ከሁሉም በላይ። ጥጡ ከታች ከተደረገ በሳምንት ውስጥ ይደፈንና ፍሰቱ ይሞታል። ከሰል በየጊዜው አያስፈልግም፤ መድኃኒት የተጨመረበትን ወይም ቀለም ያለውን ውሃ ለማጽዳት ካልሆነ በስተቀር ቦታውን ለሴራሚክ ስጡት። ቅርጫቱን አጨናንቆ መሙላትም ጥሩ አይደለም፣ ውሃው መንገድ ሲያጣ በጎን ሾልኮ ሳይጣራ ይመለሳል።

ውሃ ወለል ላይ እንዳይፈስ የሚያደርጋቸው ጥቃቅን ነገሮች ብቻቸውን ምስጋና ይገባቸዋል። በመመለሻው ቱቦ ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፤ ጎማው ቢወልቅ ውሃው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አየር ይገባና መፍሰሱ ይቆማል። መሳቢያውን እስከ ጠጠሩ አያወርደውም፣ በዚያ በኩል ጎማ ቢወልቅም ለዓሣው ውሃ ይተርፍለታል። የመብራቱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያደርጋል፤ ጠብታ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ጎማውን በልኩ ይቆርጠዋል፤ የተጠማዘዘ ትርፍ ጎማ ፍሰት ይበላል።

የክዳኑ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ላይ አንዲት አሸዋ ወይም ፀጉር ካለች ማጣሪያው ያንጠባጥባል። ጠርጎ ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባል። ቫዝሊን አይነካም፣ የፔትሮሊየም ቅባት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ከሱቅ ስትገዙም እሱ የሚጠይቀውን ጠይቁ፦ የዚህ ሞዴል ኢምፔለር፣ የሴራሚክ ዘንጉና ኦሪንጉ ለብቻው ይገኛል? ዘንጉ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ነው፣ መለዋወጫው ከሌለ ሙሉው ማጣሪያ ይጣላል። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም መለዋወጫ ያለውን እንመርጣለን።

እጥበቱ በየ6 ሳምንቱ ገደማ፣ ወይም ፍሰቱ ደከም ሲል ነው። በቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይሁን፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ውሃ ስትቀይሩ የቀዳችሁትን አሮጌ ውሃ በባልዲ አስቀሩና በእሱ አለቅልቁ። በዚህ በተለመደው እጥበት ስፖንጁን ባጠባችሁበት ቀን ሴራሚኩን ተዉት። ለገንዳው የምትጨምሩት አዲስ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ በርሜል 24 ሰዓት ይደር፤ የአየር ድንጋይ ካለበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣለታል። ሮቶ ውስጥ የቆየውም ቢሆን ክዳኑ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ያንኑ አድርጉለት።

የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያለውን ሞዴል የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። አረንጓዴ የሆነ ውሃ ያጠራል፣ መስታወት ላይ የተለጠፈውን አልጌ ግን አያነሣም። ክዳኑ ተከፍቶ ሲበራ አትዩት፣ ዓይን ይጎዳል።

ወንድማችን የእጅ ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ይናገራል። ገጥሞ ሲጨርስ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ እስኪዘጋውና እስኪያስነሣው ድረስ አይሄድም። ለትዕግሥቱና ለታማኝነቱ ከልብ እናመሰግነዋለን፣ እጁ ይባረክ። እሱን ለማግኘት ስትጽፉልን የገንዳውን ሦስት ልኬት፣ የዓሣዎቹን ዓይነትና ብዛት፣ ከገንዳው በታች ያለውን የቁም ሳጥን ቁመት፣ ሶኬቱ ምን ያህል እንደሚርቅና በሰፈራችሁ መብራት በብዛት ለስንት ሰዓት ያህል እንደሚጠፋ አብራችሁ ጻፉ። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።