ማኅበራችንን አላስካ አድርሳ ለመለሰችው የጉዞ ወኪል፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ በቡድን ሆናችሁ አላስካን በመርከብ ለማየት የምታስቡ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የጽዋ ማኅበራችን አባላት ከነቤተሰቦቻችን ነሐሴ ላይ ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ጉዞውን ያሰናዳችልን እዚሁ ከተማ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት የጉዞ ወኪል ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ ሥራዋን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ቲኬቱ በኢንተርኔት እየተሸጠ ወኪል ለምን ያስፈልጋል የሚል ክርክር በመካከላችን ነበር። እሷ ግን ቀብድ ከመቀበሏ በፊት የሁላችንንም ፓስፖርት ማየት እፈልጋለሁ አለች። አላስካ የአሜሪካ ግዛት ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ለምን ብለን አጉረመረምን። ምክንያቱን ያስረዳችን በትዕግሥት ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ ሀገር የተመዘገበ መርከብ መንገደኞችን በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ አብዛኛዎቹ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የቤርሙዳ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። ስለዚህ ከሲያትል ተነሥተው ሲያትል የሚመለሱት በመንገዳቸው ካናዳ መቆም አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆሙትም ቪክቶሪያ ላይ ነው። ከእኛ ጋር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እናት ነበሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ካናዳ ያለ ቪዛ አይገባም። ወኪላችን ገና አዲስ አበባ እያሉ የካናዳ ቪዛ እንዲጠይቁ አደረገች፤ የአሜሪካ ቪዛቸውም ደግመው ለመግባት የሚያስችል መሆኑን አረጋገጠች። ርካሽ ዋጋ ያቀረበልን ሌላ ሻጭ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። እሱን ብንከተል እማማ ከነሻንጣቸው ወደቡ ላይ በቀሩ ነበር።

ቀጥሎ የጾም ነገር መጣ። ለሁላችንም የዓመት ፈቃድ የተገኘው በፍልሰታ ነበር። በመርከብ ላይ "አትክልት ብቻ እበላለሁ" ያለ ሰው እንቁላልና ቅቤ ሊቀርብለት ይችላል። ወኪላችን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ አንዳንዶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምንጾምም ጨምራ ለመርከቡ ወጥ ቤት አስቀድማ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ የምስርና የሽምብራ ወጥ ከሩዝ ጋር ሲጠብቀን እናቶች ምግብ አብሳዮቹን ሊመርቁ ተነሡ። የምግብ አዳራሹ ኃላፊ በየቀኑ እየመጣ "ዛሬስ ተስማማችሁ?" ይለን ነበርና ለእሱም ምስጋናችን ይድረሰው። ሳልመን በሞላበት ምድር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ኬቺካን እስከሚባለው የአላስካ ወደብ ድረስ ዘልቋል። ፍርዱን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ።

ሌላው ሙግቷ የመርከብ ምርጫው ላይ ነበር። ግሌሸር ቤይ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦችን አያስገባም። ፈቃድ የሌላቸው መርከቦች ወደ ሌላ በረዶ ይወስዳሉ፤ ማስታወቂያው ግን ሁሉንም አንድ ያስመስላቸዋል። እሷ ፈቃድ ያለውን ካልያዝን አልሸጥላችሁም አለች። ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ታሪኩን ነገሩን፦ በ1794 የአውሮፓ አሳሾች ሲያልፉ የባሕረ ሰላጤው ደጃፍ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ግን በረዶው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። የሁና ትሊንጊት ሕዝብ ጥንታዊ ርስትም ይኸው ሸለቆ ነው። ማርጀሪ ከሚባለው የበረዶ ግንብ ፊት ስንቆም ቤት የሚያህል ቋጥኝ ተገምሶ ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። ከድምፁ የተነሣ ልጆቹ ጮኹ፤ እማማ ውዳሴ ማርያማቸውን አላቋረጡም። መርከቡ እዚያው ላይ ስለሚዞር በቀኝም በግራም ያለ ሰው እኩል ያያል። "ለበረንዳ ክፍል ተጨማሪ አትክፈሉ፣ ከላይ ያለው ሰገነት ይበልጣል" ብላ የመከረችንም ለዚህ ነው። ኮሚሽኗን የሚከፍላት የመርከቡ ድርጅት ነውና ውዱን ክፍል ብትሸጥልን ይሻላት ነበር።

ጁኖ ላይ ከሃዋይ የሚመጡትን ዓሣ ነባሪዎች አየን፤ ዝናቡም አልቀረልንም። ስካግዌይ ላይ በወርቅ ፍለጋው ዘመን በ1898 መሠራት የጀመረውን ባቡር ተሳፈርን። ድሬዳዋ ያደጉት አባታችን የሀዲዱን ጥበት አይተው "ይሄማ የእኛው ነው" አሉ። የጅቡቲው ባቡር ሥራ የተጀመረው በ1897 ስለሆነ የአንድ ዘመን እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። የቀረውን መንገድ ስለ ድሬዳዋ ጣቢያ ሲያወጉን ስለነበር ፏፏቴዎቹን በወጉ አላየኋቸውም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ወኪላችን መልእክት ስትጽፍ ታስረዝማለች። ሆኖም የወደብ ቀረጡም፣ በየቀኑ የሚታሰበው የሠራተኞች ጉርሻም ከቲኬቱ ዋጋ ውጭ መሆኑን ከነስሌቱ ያወቅነው ከዚያው ረጅም መልእክት ነው።

ለመጪው በጋ የምታስቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። የቡድን ክፍሎች ቀድመው ስለሚያልቁ ከጥር ባታሳልፉት ጥሩ ነው። እሑድ ጠዋት አትደውሉላት፣ ቅዳሴ ላይ ናት።