5 ሴንቲ ያልሆነው 5 ሴንቲ፦ ለበዓል የመስታወት ሣጥን ለምታዝዙ

ጥምቀት አለፈ፤ ፋሲካ እየመጣ ነው። የበዓል ጌጥ በእጃችሁ የምትሠሩና ዕቃ በቴሌግራም የምታዝዙ ካላችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ 14,900 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ለማታውቁት ላስረዳ። ከባለቤቴ እህት ጋር ሆነን ጎንደር ውስጥ የመስታወት ሣጥን እንሠራለን። ሻዶ ቦክስ የሚሉት ነው። ሲያዩት የፎቶ ፍሬም ይመስላል፣ ግን ጥልቀት አለው። በመስታወቱና በጀርባው መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ የፈለጋችሁትን ትንሽ ዓለም ትሠሩበታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ግንቡን ብቻ ነበር የምንሠራው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ ግን «ጥምቀቱን ሥሩልኝ» የሚለው ደንበኛ በዛ። በተለይ ለበዓሉ ከውጭ የሚመጡት።

አንዱን ሣጥን ላሳያችሁ። ከኋላ በውሃው መሀል የቆመው የፋሲል መዋኛ ሕንፃ በካርቶን ተቆርጦ ይገባል። የአጥሩን ድንጋይ ጨምድዶ የያዘውን የዛፍ ሥር በቃጫ እንሠራዋለን። ውሃው ሰማያዊ ወረቀት ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ነው። ፊት ለፊት ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የምንገዛቸው ትንንሽ የሸክላ ሰዎች ይቆማሉ። ለካህናቱ ከቀይ ከፋይ ቁራጭ ጥላ እንቆርጥላቸዋለን፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ፣ ዘንጉ ስቴኪኒ። አንዷ ጥላ ብቻ ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። ታዲያ የሸክላው ሰው ጥላውን ይዞ ሲቆም 4 ሴንቲ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሣጥኑ ከውስጥ 5 ሴንቲ መሆን አለበት። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ሣጥኑን የሚሠራልን አናጢ ነበር። ዘንድሮ በኅዳር ስንሄድ የበርና የመስኮት ሥራ በዝቶበት «ከገና በኋላ ካልሆነ አልችልም» አለን። ከገና በኋላ ደግሞ ለጥምቀት የቀረው አሥር ቀን ገደማ ነው። ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ነው እንግዲህ ስልኬን መጎርጎር የጀመርኩት።

አንድ ገጽ አገኘሁ። ስሙን አልጠራም። ፎቶው ዓይን ይስባል፤ 30 በ 30፣ «ኦሪጅናል እንጨት»፣ «ባለ መስታወት»፣ «ጥልቀት 5 ሴ.ሜ»። ዋጋ የለውም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ ዋጋ የሚደብቅ ሰው የጠያቂውን ፊት አይቶ ነው የሚቆርጠው። እኔ ግን ጻፍኩላቸው።

«ሰላም ቤተሰብ! 650 ነው ውዴ። 20 ከወሰድሽና ሙሉውን ቀድመሽ ከከፈልሽ 10 በመቶ እንቀንስልሻለን።»

«ጥልቀቱ እርግጠኛ 5 ሴንቲ ነው?»

«አዎ የኔ እህት፣ 5 ነው።»

በቃ። «ከውስጥ ነው ከውጭ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ሦስት ቃል ነበረች።

20 ሣጥን በ11,700 ብር ሆነ። ከዚያ «የበዓል ፓኬጅ» የሚሉትን ጨመሩልኝ፤ ሱፐር ግሉ፣ ፎም፣ ወርቃማ እስፕሬይ፣ ብልጭልጭና በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ መብራቶች፣ 2,800 ብር። የባለቤቴ እህት አጠገቤ ቁጭ ብላ «እትዬ፣ ግማሹን ብቻ ላኪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በቴሌብር ላክሁ። የተቀባዩ ስም ከገጹ ስም ጋር እንደማይገናኝ አይቻለሁ። «የሒሳብ ሠራተኛችን ነው» አሉኝ፤ አመንኩ።

በአምስት ቀን ይደርሳል የተባለው ዕቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 14 ደረሰ። አንዴ መንገድ ነው፣ አንዴ ሹፌሩ ነው፣ አንዴ ስልኩ አይነሣም። ማድረሻው በእነሱ ነው የተባለውም መናኸሪያ ላይ 400 ብር ከእኔ ኪስ ወጣ። ይኼ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው።

ካርቶኑን ቤት አምጥተን ከፈትን። የመጀመሪያዋን ሣጥን አንስቼ ጀርባዋን አወለቅሁና የሸክላውን ቄስ ከነጥላው ላስገባ ሞከርኩ። ጥላው ወደ ውጭ ቀረ። ዘወር አደረግሁት። አሁንም አልገባም። ማስመሪያ አመጣን። ከውጭ ስንለካው እውነትም 50 ሚሊ ነው። ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ክፍል በክፍል ለካነው። የፍሬሙ ከንፈር 12 ሚሊ። መስታወት የተባለው 3 ሚሊ። የጀርባው ሰሌዳ 3 ሚሊ። ከሰሌዳው ኋላ ለመስቀያ ብለው የተዉት ባዶ ቦታ 12 ሚሊ። ዕቃ የምናስገባበት ሆድ የቀረው 20 ሚሊ ብቻ ነው። ሁለት ሴንቲ! 5 ሴንቲ ሲሉ አልዋሹም፤ የዋሹት የት ላይ እንደሆነ ባለመንገር ነው። የመስታወት ሣጥን ከተራ ፍሬም የሚለየው በዚያች ሆዱ ነው። እሷን ከወሰዱበት ፍሬም ነው የሸጡልኝ።

«ኦሪጅናል እንጨት»ም ኤምዲኤፍ ነው፣ የእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ፤ እንጨት የሚመስል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማዕዘኑ ላይ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ወረቀቱ ተነሣ። ኤምዲኤፍ በራሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቀጥ ያለና ለመቁረጥ የሚመች ነው። ግን ጠርዙ ካልተቀባ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። ዋጋውም የእንጨት ዋጋ መሆን የለበትም።

መስታወቱስ? ፕላስቲክ ነው። ይኼም ቢሆን ቀድሞ ቢነገረኝ አልጣላውም ነበር፤ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሣጥን ቀላልና የማይሰበር ነውና። የእኛው ግን ስስና ሞገድ ያለው ነው። ከጎን አድርጋችሁ የመስኮቱን ነጸብራቅ ብታዩበት መስኮቱ ይጣመማል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ጭረት በጭረት ሆነ። መለየት ቀላል ነው። በጥፍር ኳ አድርጉት፤ መስታወት ይጮሃል፣ ፕላስቲክ ደንቆሮ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ከንፈራችሁ ላይ ብታስጠጉት መስታወት ይቀዘቅዛል። ገዢ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ቪዲዮ ላይ ኳ ያድርገው።

ወደ ፓኬጁ ልምጣ። አንዱን ሣጥን ለሙከራ በሱፐር ግሉ አጣብቀን ማታ ዘጋነው። ጠዋት ስናየው ፕላስቲኩ ከውስጥ ጭስ የገባበት ይመስል ነጭ ሆኗል። በኋላ እንደገባን የሱፐር ግሉ ትነት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ታፍኖ ሲያድር መስታወትም ፕላስቲክም ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ይኼን ሙሉ በሙሉ በሻጩ ላይ አላላክክም፤ እኛም አናውቅም ነበር። የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ። ሱፐር ግሉ ግድ ከሆነ ሣጥኑን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት።

ፎሙና እስፕሬዩ ግን ለአንድ ሥራ ተብለው አብረው የተሸጡ ናቸው። በፎም የግንቡን አራት ማማዎች ከነጉልላታቸው ቀርጬ ወርቃማውን እስፕሬይ ነፋሁበት። ዓይኔ እያየ እሳት እንደነካው ቅቤ ቀለጠ፤ ሁለት ቀን የቀረጽኩት ማማ የተበላ አይብ መሰለ። እንዲህ ያለው እስፕሬይ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፎምን ያሟሟል። ማስቲሽም እንዲሁ። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ተጠቀሙ፣ ወይም ፎሙን አስቀድማችሁ ኮላ ደራርባችሁ ቀቡት። ሁለቱን በአንድ ከረጢት አድርጎ «የበዓል ፓኬጅ» የሚል ሰው አንድም ቀን ሠርቶበት አያውቅም።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ በቀልድ አትውሰዱት። መብራቶቹ የሚሠሩት የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ክብ ባትሪ ነው። የባትሪው ክዳን ብሎን የለውም፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ቤታችን ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለ። እኔ ማስመሪያ ይዤ ስናደድ ልጁ አንዷን ባትሪ አውጥቶ በመዳፉ ይዟታል። ወደ አፉ ሳያደርስ ደረስንበት። እነዚህ ባትሪዎች ጉሮሮ ላይ ከቀሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ልጁ ደህና መስሎ እየታየ ማለት ነው። ከዋጠ ጊዜ ሳታባክኑ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ አታስመልሱት። ሕፃን ባለበት ቤት ለሚሰቀል ሣጥን ክዳኑ በብሎን የማይታሰር መብራት አትግዙ። ባትሪዎቹን በሙሉ አውጥቼ ከልጅ እጅ አራቅሁ።

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። ማስመሪያውን ከነሣጥኑ ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

«እህቴ 5 እኮ ነው፣ ከውጭ ለኪው።»

«ከውጭማ ምን ይሠራልኛል? ሸክላው አይገባም።»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ከዚያ ዘጉኝ። ቀደም ብሎ «ውዴ» ነበርኩ።

እዚህ ላይ ሕጉን ልንገራችሁ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። «አይመለስም» የሚል ቃል ያንን አያጠፋም። እኔም ይኼን ይዤ አቤት ለማለት ሄድኩ። የተቀበለኝ ሠራተኛ በትዕግሥት አዳመጠኝና ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ደረሰኝ፣ የሻጩ ፈቃድ፣ አድራሻ። በእጄ ያለው አንድ የቴሌግራም ስምና የማላውቀው ሰው ስም ያለበት የቴሌብር መልእክት ነው። «ታዲያ ማንን ልጥራልሽ?» አለኝ። ምን ይበል።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጎረቤት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ ወጣት አናጢ ጠቆመችኝ። ልኬቱን በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት። ፊቴ ላይ ቀና ብሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከውስጥ ነው ከውጭ?» ብሎ ነው። ሣጥኑን በ480 ሠራልኝ፤ መስታወቱን ሌላ ቦታ በ120 አስቆረጥሁ። 600 ብር። የገጹ ሰዎች ቅናሽ ብለው የሸጡልኝ በ585 ነው። በአንድ ሣጥን 15 ብር ለማትረፍ ነው ያን ሁሉ ጉድ የገዛሁት።

ፎቶውንም ቢሆን ደህና አድርጌ ባየው ኖሮ። አሁን ሳተልቀው ከሣጥኑ ጎን ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ፤ ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው። የእኛ ክብ ነው። ፎቶው የእነሱ አይደለም፤ ሣጥኑን ምናልባት እነሱም ከእኔ በፊት አይተውት አያውቁም።

እንግዲህ የምትገዙ ካላችሁ፣ ማስመሪያ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ ቪዲዮ ዛሬ ተቀርጾ ይላክላችሁ፤ እርግጠኛ ለመሆን የእናንተን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው አጠገቡ ያስቀምጡ። መጀመሪያ አንድ ብቻ ግዙ። ዕቃውን ሳታዩ ሙሉውን አትክፈሉ። ደረሰኝ የለንም ካሉ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ተቀባዩ ሌላ ሰው ከሆነም እንዲሁ።

ሃያውን አልጣልናቸውም። የባለቤቴ እህት ናት ያዳነቻቸው። ለሁለት ሴንቲ የሚበቃው ወረቀት ነው ብላ የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ መላእክት ፊት በወረቀት ቆርጣ በሦስት ደረጃ ደራረበችው። ከሸክላው ባይበልጥም ያምራል። «መስታወት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው» ብለን ዋጋ ቀንሰን አሥራ አንዱን ሸጥን። ለጥምቀት የታዘዙትን ስምንቱን ደግሞ ወጣቱ አናጢ በሠራቸው አስረከብን፤ የመጨረሻውን የከተራ ዕለት ጠዋት።

ገጹ አሁንም አለ። ሰሞኑን ያንኑ ፎቶ «ለፋሲካ» ብለው መልሰው ለጥፈውታል፤ «ጥልቀት 5 ሴ.ሜ»። እኔን ስለዘጉኝ የባለቤቴ እህት በራሷ ስልክ ጻፈችላቸው፤ «ከውስጥ ነው ከውጭ?»

አንብበውታል። እስካሁን መልስ የለም።