እምነትን የሚዳፈር ሥዕል ዜና ሲሆን፦ ማሳየት ወይስ በቃል መግለጽ?

ለገጣፎ፣ እኛ ሰፈር፣ አዛንና ቅዳሴ በአንድ ንጋት ይሰማሉ፤ መገናኛ ብዙኃን የአንዱን እምነት ክብር ጠብቀው የሌላውን ሲዳፈሩ ልዩነቱ ለማንም አይሰወርም። የዴንማርኩ ጋዜጣ ዩላንድስ ፖስተን እ.ኤ.አ. በ2003 በኢየሱስ ትንሣኤ የሚቀልዱ ሥዕሎች ሲቀርቡለት፣ አርታኢው አንባቢን ያስቆጣሉ በማለት ሳያትማቸው ቀረ። ይኸው ጋዜጣ በ2005 ነቢዩ ሙሐመድን የተመለከቱ 12 ካርቱኖችን አወጣ። አርታኢው የፊተኞቹ ሳይጠየቁ የመጡ፣ የኋለኞቹ ታዝዘው የተሣሉ መሆናቸውን ቢያስረዳም፣ ለተጎዳው አማኝ ይህ መልስ አይሆነውም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ዜና ሲሆን፣ ምስሉን ማሳየት አንባቢው ራሱ አይቶ እንዲፈርድ ያስችላል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ነገር ግን በቅርቡ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ አባት፣ እምነታቸውን የሚያንቋሽሽ ሥዕል በልጃቸው ስልክ ላይ ሲያዩ፣ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ዜናው በቃል ቢነገራቸው ኖሮ ምን እንደተሣለ ይረዱ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ከዓይናቸው ባልገባ። እርግጥ ነው፣ በቃል መግለጽ አንባቢው ጋዜጠኛውን እንዲያምን ያስገድደዋል። ቢሆንም እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ፤ የመስቀሉን ስድብ ሸፍኖ የመስጊዱን የሚገልጥ፣ ወይም ተቃራኒውን የሚያደርግ ዝግጅት ክፍል ግን ከሁለቱም አማራጮች የከፋ ነው።