የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የሰነዶች መዝገብ፦ የንግድ ድርድርን ለሚከታተል ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

የአውሮፓ ኅብረት 27 አባል አገራት ለንግድ ድርድር የሚቀርቡት እንደ አንድ ወገን ነው፤ የሚደራደርላቸውም የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ሆኖም በኅብረቱ የአሠራር ውል አንቀጽ 207 መሠረት ኮሚሽኑ ድርድር መክፈት የሚችለው የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ሲፈቅድለት ሲሆን፣ ድርድሩ በሚካሄድበት ጊዜም የአባል አገራቱ ተወካዮች የተቀመጡበትን የንግድ ፖሊሲ ኮሚቴ እያማከረ ይሠራል። ይህን ከውጭ ሆኖ ለሚከታተል ተመራማሪ፣ ጋዜጠኛ ወይም ነጋዴ በነጻ የተከፈቱለት የምክር ቤቱ የሰነዶች መዝገብና የኮሚሽኑ የንግድ ድረ ገጽ ናቸው። እኔ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የአገራቱ አቋም እንዴት እንደተቀናጀ ያሳያሉ ወይ?

የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ምስጋና ይገባዋል። ኅብረቱ ከኒውዚላንድ ጋር ያደረገውን የንግድ ስምምነት ብንወስድ፣ በ2018 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምክር ቤቱ የሰጠው የድርድር መመሪያ፣ ኅብረቱ ያቀረባቸው ረቂቆች፣ የየዙሩ ሪፖርትና በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የስምምነቱ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ናቸው። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ግሪክ አጥብቃ የምትሟገትለት «ፌታ» የተሰኘው የአይብ ስም እንደተጠበቀና የኒውዚላንድ አምራቾችም ስሙን ለመተው 9 ዓመት እንደተሰጣቸው ይረዳል። ለኒውዚላንድ የበሬ ሥጋ የተፈቀደው ኮታ ደረጃ በደረጃ አድጎ 10,000 ቶን እንደሚደርስና 7.5 በመቶ ቀረጥ እንደሚከፈልበትም ያያል። ኮታው ከዚህ እንዳይበልጥ በኮሚቴው ውስጥ የተከራከረው ማን እንደሆነ ግን ከእነዚህ ሰነዶች አያገኝም።

መልሱ መኖር የነበረበት በምክር ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ በሰነድ ቁጥር፣ በቀንና በርዕስ መፈለግ ያስችላል፤ ለጀማሪ አስቸጋሪ ቢሆንም ቁጥሩን ለያዘ ሰው ፈጣን ነው። ችግሩ የአገራቱን አቋም የሚዘረዝሩ ወረቀቶች ብዙውን ጊዜ «ሊሚቴ» (ስርጭቱ የተገደበ) የሚል ምልክት ተደርጎባቸው በቀጥታ የማይከፈቱ መሆናቸው ነው። የኅብረቱን ሰነዶች ስለማግኘት በወጣው ደንብ ቁጥር 1049/2001 መሠረት ሰነዱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ምላሽ የሚሰጠውም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ያው ደንብ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ይጎዳል የተባለ ሰነድ እንዲከለከል ይፈቅዳል። ድርድሩ ገና ሳያልቅ ምስጢር መጠበቁን እደግፋለሁ፤ ተቃራኒው ወገን የትኛው አገር ቀድሞ እንደሚለሳለስ ካወቀ አንድ ሆኖ መደራደር ትርጉም ያጣልና። ስምምነቱ ከጸና በኋላ ግን ይህ ምክንያት እጅግ ይዳከማል።

አቋሞቹ በግልጽ የሚነበቡበትን ሰነድ ለሚፈልግ፣ በ2016 ከካናዳ ጋር ስምምነቱ ሲፈረም በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ የተመዘገቡትንና በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ የወጡትን 38 መግለጫዎች እጠቁማለሁ። የቤልጅየም መግለጫ 37ኛው ነው። የአገሪቱ የዋሎኒያ ክልል ፊርማውን ካዘገየ በኋላ የተጻፈ ሲሆን፣ ቤልጅየም በስምምነቱ ውስጥ ያለው የባለሀብቶችን ክርክር የሚዳኝ ሥርዓት ከኅብረቱ ውሎች ጋር ይጣጣም እንደሆነ የኅብረቱን ፍርድ ቤት እንደምትጠይቅ ይገልጻል፤ ፍርድ ቤቱም በ2019 እንደሚጣጣም አስተያየቱን ሰጥቷል። ምክር ቤቱ ቢያንስ ሥራ ላይ ለዋሉ ስምምነቶች የኮሚቴውን ወረቀቶች በዚህ መልክ፣ ከነአገራቱ ስም፣ ሳይጠየቅ ሊከፍታቸው ይገባል።