ትነቱን ሳይሆን አደጋውን የሚያሰላ ኤክሴል

የአውሮፕላን ነዳጅ ታንክ ውስጥ በደረቴ እየተሳብኩ ሠርቻለሁ። ታንኩ ተቀድቶ አልቋል ከተባለ በኋላ እንኳ ከጥጉ የቀረችው ጥቂት ነዳጅ ላምባ ላምባ ትሸታለች፣ ራስ ታዞራለች። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በነፃ የሚሰጠውን የታንክ ተቀጣጣይነት ማስያ የከፈትኩት ያ ሽታ እንዳለ በአፍንጫዬ ይዤ ነው።

ፋይሉ ኤክሴል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ማክሮ (ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ታንኩ በምን ፍጥነት እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ፣ አውሮፕላኑ ምን ያህል ርቀት እንደሚበር ታስገባላችሁ። እሱ በሞንቴ ካርሎ ዘዴ እልፍ በረራዎችን ያበራል፤ ለእያንዳንዱ የአየሩን ሙቀትና የነዳጁን ፍላሽ ፖይንት (በሙከራ ሲለካ ተኑ እሳት ሲነካው ብልጭ የሚልበትን ሙቀት) በዕጣ ያወጣል። በመጨረሻ ታንኩ ከጊዜው ስንት በመቶውን ተቀጣጣይ ሆኖ እንዳሳለፈ ይነግራችኋል። የአስተዳደሩ የ2008ቱ ደንብ (እ.ኤ.አ.) ጣሪያ 3 በመቶ ነው፣ ወይም የማይሞቅ የአልሙኒየም የክንፍ ታንክ ያህል።

ደንቡ በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳው የቲደብሊውኤ አየር መንገድ 800 በረራ የመሃል ታንክ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ መሬት ላይ ሲጠብቅ ግን ከሥሩ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን ሲያሞቀው ቆይቷል። ታንኩ ፈንድቶ 230 ሰው አለቀ።

በጣም የወደድኩት የከፍታ ስሌቱን ነው። በየ808 ጫማው ታንኩ ተቀጣጣይ የሚሆንበት ዝቅተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ፋራናይት ይወርዳል። ማስያው ወሰኑን ከፍላሽ ፖይንቱ ዝቅ አድርጎ ስለሚጀምር፣ ፍላሽ ፖይንቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ነዳጅ ባሕር ወለል ላይ 32 ገደማ ሲደርስ ተቀጣጣይ ይባላል፤ ቦሌ ላይ፣ በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ 27 ይበቃዋል። ይህን ቁጥር ሳየው ሁለቴ በእጄ አሰላሁት። ከሰዓት በኋላ በቦሌ ፀሐይ የቆመ አውሮፕላን ታንኩ ከሥር ሲሞቅ እዚያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም።

የሚጎድለው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ትነትን አያሰላም። የነዳጁን ሙቀት ከወሰኑ ጋር አነጻጽሮ ይፈርዳል እንጂ ተኑ ስንት እንደሆነ አይቆጥርም። አውሮፕላኑ ሲወጣ የክንፉ ቆዳ ከነዳጁ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ተኑም እዚያ ላይ ጠል ሆኖ ይመለሳል። ነዳጁ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ቀላል ቀላሉ ቀድሞ ይተንና የቀረው ሌላ ነዳጅ ይሆናል። ማስያው ሁለቱንም አያይም። ለማስፈቀጃ ይበቃል፤ ለጥናት እኔ ከጎኑ ሌላ ሉህ ከፍቼ ሦስት ሙቀት ለየብቻ እይዛለሁ፦ የነዳጁን፣ በላዩ ያለውን አየር፣ የግድግዳውን።